ድርቆሹስ ደረቀ፤ ላሚቱ የት ትብላው?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በአጭሩ ፋኦ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሮም ላይ ስለ ድርቆሽና ስለ ገለባ አያያዝ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ጸሐፊው ጄ. ኤም. ሱቲ ናቸው፤ መጽሐፉም በድርጅቱ የዕፅዋት ምርትና ጥበቃ ተከታታይ ኅትመት 29ኛው ነው። የተጻፈው አነስተኛ መሬት ላለው ገበሬና ከመንጋው ጋር ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ነው። ስለ ድርቆሽ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ትራክተር፣ ማጨጃና ማሰሪያ ማሽን ላለው ሰው የታሰበ በመሆኑ፣ ማጭድና መንሽ ይዞ የሚሠራውን ሰው ያስቀደመ መጽሐፍ ማግኘት በራሱ ያስደስታል። ሱቲ ኋላ ላይ ከስቲቨን ሬይኖልድስ ጋር ስለ መኖ አጃ (2004) እና ከሌሎችም ጋር ሆነው ስለ ዓለም የሣር መሬቶች (2005) ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት ያየ ሰው፣ እኒህ ሰው ከብት የሚበላውን ነገር ዕድሜ ልካቸውን በቁም ነገር እንደያዙት ይረዳል።

መጽሐፉ ለእኛ ይሆናል ወይ የሚለውን ለመመዘን ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከደራ ወረዳ፣ ከወንዛዬ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። እዚያ ሆኜ ሳነበው የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ መጽሐፉ ሣሩን አሳጭዶ፣ አድርቆ፣ ሰብስቦ፣ ከምሮ፣ ክምሩንም ሸፍኖ ያስረክበናል፤ ክምሩ ከተፈታ በኋላ ድርቆሹ ላሚቱ አፍ እስኪገባ ያለውን መንገድ ግን በጥድፊያ ያልፈዋል። ለመመገቢያው የሰጠው ቦታ ለማድረቂያውና ለማከማቻው ከሰጠው ጋር አይወዳደርም። በወንዛዬ ደግሞ ብዙው ድርቆሽ የሚበላሸው በዚያች በመጨረሻዋ አጭር መንገድ ላይ ነው።

ወንዛዬን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በፍል ውኃዋ ነው። ከባሕር ዳርም ከሌላም ቦታ ሕመም የጠናበት ሰው ሊጠመቅባት ይመጣል። ነዋሪው ግን የሚኖረው በእርሻና በከብት ነው። አጠገቧ የሚያልፈው ጉማራ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ክረምት ሲበረታም ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደራን፣ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን የመታው ጎርፍ ዛሬም አልተረሳም። በዚህ አካባቢ ስለ ድርቆሽ ማውራት ስለ ውኃ ከማውራት ተለይቶ አይታይም።

የአካባቢውን የዝናብ ሥርጭት ማወቅ ለዚህ ዳሰሳ ወሳኝ ነው። ባሕር ዳርና አካባቢው በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ይጀምራል፣ ሰኔ ላይ ይጠነክራል፣ መስከረም ላይ ይሳሳል፣ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ክልክል ሣሩ የሚታጨደውም ያኔ ነው። ታዲያ ሱቲ ብዙ ገጽ የሰጡት ጭንቀት፣ ማለትም የታጨደው ሣር መሬት ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ እንዳይመታው መጠበቅ፣ እኛ ዘንድ ያን ያህል አያስጨንቅም። በእርጥብ አገሮች ሣሩን በሦስት እግር እንጨት ላይ፣ በአጥርና በመደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ማድረቅን መጽሐፉ በሚገባ ያስረዳል። የወንዛዬ ገበሬ ለዚህ እንጨት መትከል አያስፈልገውም። በጥቅምት ፀሐይና ነፋስ የታጨደ ሣር በጥቂት ቀን ውስጥ ከሚፈለገው የ15 በመቶ እርጥበት በታች ይወርዳል።

የእኛ ችግር በሌላ በኩል ነው። ዝናቡ እስኪያቆም ሲጠበቅ ሣሩ ያረጃል። መስከረም መጀመሪያ ላይ አበባ ሊይዝ ያለው ለምለም ሣር፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዘሩን አራግፎ ግንዱ ብቻ ይቀራል። የላም ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ሥራቸውን እንዲሠሩ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ ዘግይቶ የታጨደ የተፈጥሮ ሣር ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ሱቲ ቀድሞ ማጨድን ደጋግመው ይመክራሉ፤ ምክሩም ትክክል ነው። ነገር ግን በመስከረም ዝናብ መካከል የታጨደ ሣር ወዴት ይሰጣ? የጥራቱና የዝናቡ ነገር አንዱን ስትይዝ ሌላው የሚያመልጥበት አገር ላይ ምክሩ ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፤ የዳሰሳዬም መነሻ እሱ ነው። መጀመሪያውኑ ደካማ የሆነ ድርቆሽ ኋላ ላይ የሚያጣው ትርፍ ነገር የለውም። ዝናብ ደጋግሞ የመታው ድርቆሽ ውኃው እንደተቀዳ ሻይ ቅጠል ነው፤ መልኩ አለ፣ ጉልበቱ ግን ወጥቷል። በቀላሉ የሚሟሟውን ስኳርና ማዕድን ውኃው ይዞት ይሄዳል፤ የሚቀረው ላሚቱ ለመፍጨት ብዙ ጉልበት የምታወጣበት ጭረት ነው።

ስለ ክምር የተጻፈው የመጽሐፉ ጥሩ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ከሱቲ ጋር የምከራከርበት ነገር የለኝም። መሠረቱ ከመሬት ከፍ ይበል፣ መሐሉ በደንብ ይረገጥ፣ ዳሩ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ጫፉ ሹል ሆኖ ይከደን። ይህን የደራና የፎገራ ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያቱ ያውቀዋል። በጉማራ ሸለቆ ጎበዝ ከማሪ የሠራውን ክምር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መጽሐፉ የሚለው ሁሉ በፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ከሥር ድንጋይ ተደርድሮ በላዩ እንጨት ተረብርቦበታል፤ የመጀመሪያው ድርብ የሚጣለው ብዙም የማይቆጭ አገዳ ወይም ሰንበሌጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ድርቆሹ እየተረገጠ፣ መሐሉ ሁልጊዜ ከዳሩ ከፍ እያለ ይወጣል። መሐሉ ከጎደጎደ ውኃ ወደ ውስጥ ይጠራል፤ ከማሪው ይህን ያውቃልና ከክምሩ ላይ ሳይወርድ በእግሩ መሐሉን እየዳሰሰ ይሠራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ረጃጅሙን ሣር ወደ ታች አበጥሮ በማሰሪያ ጠፍሮ ይወርዳል። ሲጨርስም የክምሩን ጎን በመንሽ ያበጥረዋል፤ የተበጠረው ጭረት ዝናቡን ወደ ታች ይመራዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ስሌት መሥራት ይገባል። በየትኛውም ክምር ላይ የውጩ ሽፋን በዝናብና በፀሐይ መጎዳቱ አይቀርም። የተጎዳው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ የመሐል ስፋቱ 3 ሜትር ከሆነ ክብ ክምር 19 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ክምሩ ወደ 2 ሜትር ቢጠብ የሚጎዳው ከሩብ በላይ ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በውጭ አገር እርሻዎች ሜዳ ላይ የምናየው ድቡልቡል የማሽን እስር ደግሞ ከሲሶ በላዩ በዚያች 15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገኛል። የግጦሽ መሬቱ በሩዝና በባሕር ዛፍ እየተተካ፣ የየቤቱ ክልክል ሣርም እያነሰ ሲሄድ፣ ክምሩም እያነሰ ይሄዳል፤ እያነሰ ሲሄድም የሚበላሽበት ድርሻ ያድጋል። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ትናንሽ ክምር ከሚከምሩ አንድ ትልቅ ቢከምሩ የሚያተርፉት ድርቆሽ ቀላል አይደለም። መጽሐፉ ይህን በቁጥር ቢያሳይ ኖሮ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጥሩ መሣሪያ በሆነው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። መጽሐፉ ተሞክሮ ብሎ ካቀረባቸው ቦታዎች መካከል ሞንጎሊያ፣ የቻይናው አልታይ ተራሮችና ፓኪስታን አሉበት። በሞንጎሊያና በአልታይ ድርቆሽ የሚበላው በክረምታቸው ነው፤ ክረምታቸው ግን ብርድና በረዶ እንጂ ዝናብ አይደለም። ከዜሮ በታች በወረደ ቅዝቃዜ መሬት ላይ የተበተነ ድርቆሽ አይበሰብስም፣ አይሻግትም። የተረገጠውም ቢሆን ደርቆ ይቆያል። እዚያ የተማረ ሰው ስለ መመገቢያ ብዙ አለመጨነቁ አይገርምም። በወንዛዬ ነገሩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው። ከኅዳር እስከ የካቲት ገለባውና የአዝመራው ቃርሚያ፣ ከዚያም ጭዱና የሩዝ ገለባው ያኖራል። ድርቆሹ፣ በተለይ ለወለደች ላምና ለእርሻ በሬ ተብሎ የተያዘው፣ ክምሩ የሚፈታበት ጊዜ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ነው። ሣሩ ገና አልወጣም፣ በሬው እርሻ ላይ ነው፣ ሰማዩም ከፍቷል። ትንሽ የቀረው ድርቆሽ በጣም በሚፈለግበት ወር ዝናቡ ይመጣል። የጥቅምት ሰማይ ያልነካውን ድርቆሽ የሰኔ ሰማይ በአንድ ከሰዓት ያበላሸዋል።

ሲበላሽ የሚታየው እንዲህ ነው። ጠዋት ከክምሩ የተመዘዘው ሸክም በረት ውስጥ፣ ጭቃው ላይ ይበተናል። ከብቶቹ ምርጥ ምርጡን ቅጠል ፈልገው ሲገፉት ከእግራቸው ሥር ይገባል። አንዴ እበት ወይም ሽንት የነካውን ላም ቢርባትም ትሸሸዋለች። ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። ማታ ላይ የተረፈው እርጥብ ድርቆሽ ተሰብስቦ ለነገ ይቆያል፤ በማግስቱ ሲነካ ይሞቃል፣ ሲበተን ነጭ አቧራ ያወጣል። አቧራው ሻጋታ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ባለፈ ድርቆሽ ውስጥ ሻጋታ በፍጥነት ይራባል፤ የሚያወጣው ሙቀትም ፕሮቲኑን ከጭረቱ ጋር አጣብቆ ላሚቱ ልትጠቀምበት እንዳትችል ያደርገዋል። ከብቱን ያስላል፤ መንሹን የያዘውንም ሰው ያስላል። እርጥበቱ በፋጉሎ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለ የወተት አካባቢ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በተመረመረው ወተት ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘውም የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎውና ድርቆሹ አንድ እርጥብ ገንዳ ውስጥ የሚገናኙበት ቤት ጥቂት አይደለም።

መጠኑን ለማሰብ ያህል፣ 250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ለ180 ቀን ከ1000 ኪሎ በላይ ትፈልጋለች፤ በትክክል ሲሰላ 1080 ኪሎ። ከሚቀርብላት አምስት ኪሎ አንዱ ቢረገጥና ቢርስ 216 ኪሎ ባከነ ማለት ነው፤ ይህም የ36 ቀን ቀለቧ ነው። ሰኔ ሙሉውን ከነተጨማሪው! በማዳበሪያም በተሻሻለ ዘርም የ36 ቀን ቀለብ መጨመር ስንት ድካምና ስንት ብር እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው፣ መመገቢያው እንደ ተራ ነገር መታለፉ ሊያንገበግበው ይገባል። እኔን ያንገበግበኛል።

መመገቢያ ብቻውን ስንት ሊያድን እንደሚችል በደንብ ያሳየው ሥራ ከሱቲ መጽሐፍ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካ ሚሺጋን የወጣው ጥናት ነው። በስካርክ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ዓይነት ድርቆሽ በአራት ዓይነት መመገቢያ አቅርበው የባከነውን መዘኑ። ድርቆሹን ወደ መሐል በሚሰበስበው የሾጣጣ ቅርጽ መመገቢያ የባከነው 3.5 በመቶ ነበር። በተራ ቀለበት 6.1፣ በተጎታች 11.4፣ ከሁሉም በከፋው ደግሞ 14.6 በመቶ ደረሰ። ላሞቹም ሣሩም ያው ሆነው የእንጨቱና የብረቱ አቀማመጥ ብቻ ብክነቱን አራት እጥፍ አደረገው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ላሚቱ እየበላች አንገቷን ወደ ኋላ ባወጣች ቁጥር በአፏ ያለው ይወድቃል። አንገቷን ሳታወጣ ተረጋግታ የምትበላበት መመገቢያ ያድናል፤ እርስ በርስ እየተጋፉ አንገት የሚያስወጣ መመገቢያ ያባክናል።

ጥናቱን ግን እንዳለ ወደ ወንዛዬ ማምጣት አይቻልም። የተለካው ድቡልቡል የማሽን እስር ነው፤ የእኛ ድርቆሽ ልቅ ነው። የእኛ ከብት ቀንዳም ነው፤ በዘንግ መሐል አንገቱን ያስገባ በሬ ጎረቤቱ ሲወጋው ደንግጦ ቢያፈገፍግ ቀንዱ ይያዛል። ለፎገራ ከብት የሚሆነው አግዳሚው ወጥ የሆነ፣ ከላዩ ዘንግ የሌለው ሣጥን ነው፤ ለአንድ ራስ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላገኘም ቀንዱ ጎረቤቱን ማባረሩ አይቀርም። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ግን ጥናቱን አያሳንሰውም፤ ዋናው ትምህርት፣ መመገቢያ ራሱን የቻለ ምርት ጨማሪ መሣሪያ ነው የሚለው፣ የትም አገር ይሠራል።

በአገራችን ለዚህ ነገር ተገቢውን ክብር የሰጠው ሥራ አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው ፕሮጀክት ነው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአራት ክልሎች ሲሠራ፣ አማራ ክልል ውስጥ የነበረው ቦታው ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው ባሶና ወራና ነው። ከአጃና ጓያ መሰል መኖ፣ ከትሪ ሉሰርንና ከሌሎቹ ጋር የመኖ ማከማቻ ዳስና የእንጨት መመገቢያ ገንዳን ለገበሬው አቀረበ። ገበሬው መኖውን መሬት ላይ ከመበተን ወደ ገንዳ፣ ክምሩን ሜዳ ላይ ከመተው ወደ ጣሪያ ሥር እንዲያመጣ አደረገ። ተመራማሪ ነን የሚሉ ሰዎች ሚስማርና አጣና የሚበላውን ሥራ እንደ ዘርና እንደ ክትባት አክብረው መያዛቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ከዚህ በፊት የመኖ ልማት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለሚተከለው ነገር ብቻ ነበር።

ቢሆንም ባሶና ወራና ወንዛዬ አይደለችም። እዚያ ደጋ ነው፤ የሚከማቸው በብዛት የገብስና የስንዴ ገለባ ነው፤ ከብቱም ከብርድ የተነሣ ቤት ውስጥ የመግባት ልማድ አለው። በጣና ዳር ሞቃት ነው፣ በረቱ ክፍት ነው፣ ከብቱ ሌሊቱን ውጭ ያድራል። ዳሱ ከቤቱ ጎን ገንዳው ከበረቱ መሐል ከሆነ፣ በመሐሉ ያለችው ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ሰማዩ ክፍት ነው። ማከማቻው ጣሪያ ኖሮት መመገቢያው ጣሪያ ከሌለው ሥራው ገና ግማሽ ነው። ሱቲ ክምሩ ላይ እንዳቆሙ ሁሉ፣ ይህም ሥራ ለእኛ ሲታይ ከመድረሻው አንድ እርምጃ ቀርቶት የቆመ ነው።

ወንዛዬ አካባቢ ቀርቤ ያየሁት አንድ መመገቢያ ይህን የቀረ እርምጃ እንዴት መራመድ እንደሚቻል ያሳያል፤ የሠራው ገበሬ ራሱ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል፤ የኋላዎቹ ሁለቱ አጠር ብለው ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘነብላል። ጠፈጠፉ ስለዚህ ከብቶቹ በማይቆሙበት በጀርባ በኩል ይወርዳል። ጀርባው በአጣና ተዘግቷል፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን የሚገፋው ከዚያ ነው። ከብቱ የሚበላው ከፊት ብቻ ነው። ገንዳው ከፍልጥ እንጨት የተሠራ፣ ከንፈሩ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ስፋቱም ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጣሪያው ከገንዳው ከንፈር አልፎ ወደ ፊት ከአንድ ሜትር በላይ ይወጣል።

ይህ የጣሪያ መውጣት የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በሐምሌ ወጀብ 45 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ከገንዳው ከንፈር እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው ቁመት ያህል ጣሪያው ወደ ፊት ካልወጣ ዝናቡ ገንዳው ውስጥ ይገባል። በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ መመገቢያ ጣሪያው በሁለቱም በኩል መውጣት ስላለበት የቆርቆሮው ወጪ በጣም ይጨምራል። ጀርባው የተዘጋው ግን ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው ቆርቆሮ ይብቃቃል። ገበሬው ይህን በወረቀት አላሰላውም፤ በእጁ ያለው ቆርቆሮ እንዲበቃው ሲል የደረሰበት ነው። በጣሪያውና በጀርባው መሐል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትቷል። ክፍተቱ ባይኖር ሌሊት የከብቱ ትንፋሽ ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ሆኖ ተንጠልጥሎ ጠዋት ድርቆሹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሣር ክዳን ቢሆን ውኃው አይንጠባጠብም፤ ነገር ግን በሬው አንገቱን ቀና ካደረገ ክዳኑን ይበላዋል። ስለዚህ የሣር ክዳን የሚመርጥ ሰው ጠርዙን በቀጭን አጣና መከለል ይኖርበታል።

የገንዳው ወለል ላይ ግን ገበሬው ከእኔ ሐሳብ ጋር አልተስማማም፤ ይህን ክርክር በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። ለረጅም ጭረት ድርቆሽ ወለሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ አቧራው ይወርዳል፣ የገባውም ውኃ ይወጣል። ገንዳው ግን ጥር ላይ የጤፍ ጭድ፣ የካቲት ላይ የሩዝ ገለባ፣ ሰኔ ላይ ድርቆሽ ይገባበታል። ጭድ በጣት ክፍተት ሁሉ ይፈስሳል። ገበሬው ወለሉን ደፍኖ፣ በአራቱ ማዕዘን ብቻ ቀዳዳ ትቶ፣ ገንዳውን ወደ አንድ ወገን ትንሽ አዘንብሎታል። ለድርቆሽ ከሆነ እኔ አሁንም ክፍተት ያለውን ወለል እመርጣለሁ፤ ለዓመቱ ሙሉ ግን የእሱ ምርጫ ሳይሻል አይቀርም። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚበላው መኖ ከግማሽ በላዩ ግጦሽ፣ ሲሶ ያህሉ ተረፈ ምርት ሲሆን የድርቆሽ ድርሻ ከአሥር በመቶ በታች መሆኑን ሲያስቡት፣ ለድርቆሽ ብቻ የሚሠራ መመገቢያ ለብዙው ቤት ቅንጦት ነው።

ከከብቱ እግር ሥር ያለውም ነገር መነሣት አለበት። መመገቢያው ያማረ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ጭቃ ከሆነ ላሟ ጉልበቷ ድረስ እየሰመጠች ትቆማለች፤ ይህ ገበሬ ከጉማራ ያመጣውን ድንጋይ ደርድሮ ተዳፋት አድርጎታል። የሥራው አብዛኛው ድካም የሄደው ለዚህ ነው፤ ገንዳውን በሁለት ቀን የሚሠራ ሰው ድንጋዩን ለማመላለስ ሳምንት ይፈጅበታል።

ሱቲ ስለ ገለባ የጻፉት ምዕራፍ ለፎገራ ሜዳ የበለጠ የሚጠቅም ይመስላል። የሩዝ ገለባ በዩሪያ ውኃ ነክሮ፣ አፍኖ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ካቆዩ በኋላ መመገብ የታወቀ ዘዴ ነው፤ መጠኑም ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ነው። የሚሠራው ግን ዩሪያ በበቂ ከተገኘ ነው። ዩሪያ ወደ ማሳ ሳይደርስ ወደ ገለባ ጉድጓድ የሚያስገባ ገበሬ አላየሁም፤ ሊኖርም አይገባውም ባይ ነኝ። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ በአክብሮት አልፈዋለሁ።

ሌላው መጽሐፉ የዘነጋው ድርቆሹን የሚያቀርበውን ሰው ነው። በደራም በፎገራም ክምሩን የሚከምረው ወንድ ነው፤ ጠዋትና ማታ እየመዘዘ የሚያበላው ግን ብዙ ጊዜ ሚስቲቱና ልጆቹ ናቸው። ገንዳው ከክምሩ የራቀ ከሆነ በሰኔ ጭቃ ሸክሙን ተሸክማ የምትመላለሰው እሷ ናት፤ ጭቃው ሲያስቸግራት ለሁለት ቀን የሚሆነውን አንዴ ትመዝዛለች፤ ለሁለት ቀን የተመዘዘው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። የመመገቢያውን ቦታ መምረጥ ያለባት እሷ ናት። ምክር የሚሰጠው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረው ባልየውን ነው።

የኢትዮጵያን የግጦሽና የመኖ ሀብት ለፋኦ ያጠናቀሩት አለማየሁ መንግሥቱ የጻፉት ለአገሪቱ በሙሉ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ጠበብ ያለ፣ ለአንድ ዓይነት የዝናብ ሥርጭት ብቻ የተጻፈ መመሪያ ነው። የፎገራን ዝርያ በመጠበቅ የሚታወቀው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከባሕር ዳር ብዙም አይርቅም፤ ከብቱም ዝናቡም አለው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ድርቆሽ በሦስት መንገድ ይቅረብ፦ መሬት ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ገንዳ፣ ጀርባው ተዘግቶ ጣሪያው ወደ ፊት በወጣ ገንዳ። በየማታው የተረፈው ይመዘን፣ እርጥበቱ ይለካ፣ የወተቱም መጠን ይያዝ፤ የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የድንጋዩ ወጪም ከጎኑ ይጻፍ። የሚሺጋን ሰዎች ድቡልቡል እስራቸውን እንደመዘኑት ሁሉ የእኛም ሸክም ሊመዘን ይገባዋል።